ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ

ከተማው ትንሽ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ጣሪያቸው በአመድ የደበዘዘ ቤቶች፣ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ እንጆሪና የአበባ ችግኝ የሚሸጡ ሴቶች የሚደረደሩበት ረጅም አጥር፣ በቃ። ከከተማው ራስጌ ተራራው ቆሟል። እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ላይ ቀጭን ጭስ አይጠፋም። የከተማው ሰው «ሽማግሌው» ነው የሚለው። ጭሱ በርከት ያለ ዕለት «ሽማግሌው ዛሬ ማጨሱን አበዛው» ይባላል። መሬቱ ትንሽ ከተንቀጠቀጠም «ጉንፋን ይዞታል፣ እያሳለው ነው» ይባልና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ከቆላ የሚመጣው ጎብኚ ግን በዚህ ቀልድ አይስቅም። መሬቱ ንቅንቅ ሲል ክው ብሎ የአካባቢውን ሰው ፊት ያያል፤ ሰዉ ድንቹን እየላጠ መሆኑን ሲያይ ነው ነፍሱ መለስ የምትለው።

ከከተማው ወጣ ሲባል፣ በተራራው እግር ሥር፣ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመጣው የአትክልት ቦታ ይገኛል። አፈሩ ጥቁርና ልል ነው፤ ዝናብ አይለየውም፤ የተከሉት ቀርቶ የወደቀ እንጨት እንኳ ያቆጠቁጣል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ፈርን የሚሉት ባለ ላባ ቅጠል ተክል፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብብ ኦርኪድ፣ ንፋስ ሲመጣ እንደ አሮጌ አልጋ የሚንቋቋ ቀርከሃ አለበት። በበሩ ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ሴት ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። የተወለደችው እዚያው ግቢ ጥግ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ነው፤ አባቷ የግቢው ዋና አትክልተኛ ነበሩ። ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ ስታዘቀዝቅ ከቲኬት ክፍሏ ወጥታ «መዝጊያ ሰዓት ደርሷል! መዝጊያ!» እያለች በየመንገዱ ስለምትዞር፣ የከተማው ሰው «እትዬ መዝጊያ» ብሎ አወጣላት። እሷም አልከፋትም። «ከመክፈቻ መዝጊያ ይሻላል፤ ቢያንስ ቤት ይጠብቃል» ትላለች።

በወጣትነቷ አንድ ሰው ነበር። የተራራውን መንቀጥቀጥ የሚለካ ባለሙያ ሲሆን፣ አንዱን መሣሪያ የቀበረው ፈርኖቹ ከሚያድጉበት ቤት ጀርባ ስለነበር በየማለዳው ግቢው ይመጣል። ረጋ ያለ፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። አንድ ቀን መሣሪያውን እያየ፣ «ሥራዬ ሲያልቅ ወደ ቆላ አብረን እንውረድ?» አላት። ያኔ አባቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከአልጋ ውለው ነበር። እናቷ ቀድመው ሞተዋል፤ ወንድምም እህትም የላትም።

«አባቴ ይነሣና» አለችው።

«ይነሣሉ» አለ እሱም።

አንድ ክረምት ጠበቃት። ከዚያ ሥራው አለቀና ሄደ። አባቷ ግን እንደተኙ ብዙ ዓመት ኖሩ። እሷ እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ ጠዋት ጠዋት አበባዎቹን እንዲያዩ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ እየገፋች ኖረች። ሲሞቱ ፀጉሯ መሸበት ጀምሮ ነበር። የግቢው ኃላፊም «የምታውቂው ቦታ ነው» ብሎ የቲኬቱን ሥራ ሰጣት። ቤቷም ቤቷ ሆና ቀረች።

ሥራው ከሰው ጋር የሚያውል ስለሆነ ብቸኝነቷን የሚያውቅላት አልነበረም። ቀን ቀን ግቢው በጎብኚ ይሞላል፤ ሙሽሮች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ አያት ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች። ሁሉም «እህት፣ እባክሽ አንድ ፎቶ አንሺን» ይሏታል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ሆናለች። ተራራው ከጀርባ እንዲገባ፣ አጭሩ ሰው ከረጅሙ ኋላ እንዳይጠፋ፣ የተኳረፉት ጎን ለጎን እንዳይቆሙ አድርጋ ታሰልፋቸዋለች። «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዘመድ አይደላችሁም እንዴ!» ስትል ይስቃሉ፤ እሷም የሚስቁበትን ቅጽበት ጠብቃ ታነሳለች። በስንቱ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ እሷ ያነሳችው ፎቶ እንደተሰቀለ ቤት ይቁጠረው። እሷ ግን በአንዱም ውስጥ የለችም።

ሰው ከወጣ በኋላ ግቢውን ትዞራለች። ጎብኚ ሲባል ዕቃ ረሺ ነው። ጃንጥላ፣ የልጅ ጫማ፣ መነጽር፣ አንድ ጊዜማ በመሐረብ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታለች። ሁሉንም በሣጥን ታስቀምጣለች። የጥርሱ ባለቤት እስከ ዛሬ አልመጣም፤ «ምን እየበላ ይሆን?» እያለች አንዳንዴ ታስባለች።

እናት ተረስታ ስታገኝ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ዕለቱ የእረፍት ወቅት ቅዳሜ ነው። ሰው እንደ አሸዋ ፈስሶ ውሎ፣ ሲመሽ ጉሙ ከተራራው መውረድ ሲጀምር ጥርግ ብሎ ሄደ። እሷም እንደ ልማዷ እየዞረች ፈርኖቹ ቤት አጠገብ ስትደርስ፣ ከተራራው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ሴት ቁጭ ብለዋል። ነጠላቸውን ጥቅልል አድርገዋል፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሁለት እጃቸውን ደርበውበታል። አውቶቡስ የሚጠብቁ እንጂ የጠፉ አይመስሉም።

«እማማ፣ መዝጊያ ሰዓት ደርሷል እኮ» አለቻቸው።

«ዝጊው ታዲያ፤ ማን ከለከለሽ?»

«ሰዎችዎ የት ናቸው?»

«መኪና ውስጥ።»

«መኪናውስ?»

አሮጊቷ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ቆላ የሚወርደውን መንገድ አሳዩ። መንገዱ በጉም ተውጦ አይታይም።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩን ቀስ እያለች አወጣጣቻቸው። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሏቸው። ልጆቻቸው ከነሚስት ከነባላቸው፣ ከነልጅ ልጆቻቸው በሁለት ሚኒባስ ተጭነው ከቆላው ከተማ ነው የመጡት። ስልካቸው ከቦርሳቸው ጋር መኪና ውስጥ ቀርቷል። ፊተኛው መኪና ያለው ኋለኛው ውስጥ ናቸው ሲል፣ ኋለኛው ያለው ፊተኛው ውስጥ ናቸው ሲል፣ በመሐል እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ።

«የልጆችዎን ስልክ ያውቁታል?»

«በዚህ ዕድሜ ቁጥር ይያዛል?» አሉ አሮጊቷ፤ ተራራውን ማየት ቀጠሉ።

ደግፋ ወደ ቲኬት ክፍሉ ወሰደቻቸውና ለከተማው ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ተረኛው ፖሊስ የምታውቀው ሰው ነው።

«እናት ጠፋብኝ ብሎ ያመለከተ የለም» አላት።

«እሳቸውማ አልጠፉም፤ እኔ ጋ ናቸው። የጠፉት ልጆቻቸው ናቸው።»

ፖሊሱ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ጉሙ መንገዱን እንደዘጋው፣ እስኪነጋ ወደ ላይ የሚለቀቅ መኪና እንደሌለ ነገራት። «ከመጡልኝ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አንቺው ጋ ይደሩ። ምን ታደርጊ፣ እንግዳ እግዜር ሲሰጥ አይጠየቅም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ስትዘጋ አላዘነችም። እንዲያውም ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አላት፤ ወዲያው ግን በራሷ አፈረች። የሰው እናት ጠፍታ ደስ ይለኛል እንዴ፣ ምን ነካኝ፣ አለች በሆዷ።

ቤት ሲገቡ አሮጊቷ ሁሉን ነገር በዓይናቸው ለቀም ለቀም አደረጉ። ንጹሕ የእንጨት ወለል፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ወንበርና አንድ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ እማማ።»

«አልወለድሽም?»

«አልወለድኩም።»

አሮጊቷ «እህ» አሉ፤ ማዘናቸው ይሁን መቅናታቸው አልለየላትም። ሁለተኛ ወንበር ከአባቷ ክፍል አመጣች። ሁለተኛ ኩባያ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ፈልጋ አቧራውን አጠበች። ድንችና ጎመን ሾርባ ሠራች፣ እንቁላል ቀቀለች፣ ዳቦ ቆረሰች። አሮጊቷ ሾርባውን ቀመሱና፣ «ጨው አንሶታል» አሉ። ጨው ጨመረችላቸው። «አሁን ደግሞ በዛ» አሉ። ሴትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በሠራችው ምግብ ላይ አስተያየት የሰጠ ሰው ካየች ስንት ዓመቷ ነው! አባቷ እንኳ መጨረሻ ላይ ጣዕም አይለዩም ነበር።

«ምን ያስቅሻል?»

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«የሰው ጉድ!» አሉና ሾርባውን አንጠፍጥፈው ጨረሱ።

ሻይ ስትቀዳላቸው ነው ነገሩን ያወጡት። ኩባያውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣

«ሲሄዱ አየኋቸው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«መኪኖቹ ሲነሡ አየኋቸው። ከወንበሩ ይታያል። ፊተኛው ሄደ፤ ኋለኛው ተከተለ።»

«ታዲያ ለምን አልተጣሩም? እኔስ በሩ ላይ ነበርኩ፤ እንኳን መኪና አውሮፕላን አስቆምልዎ ነበር!»

«ማን ዞር ብሎ እንደሚያይ ልይ ብዬ ነዋ።»

ሴትየዋ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ መለሰች። አሮጊቷም ቀጠሉ። ትልቁ ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ክፉ አይደሉም፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይሰጧቸዋል፣ ልብሳቸው ይታጠባል፣ የተመቸ አልጋ አላቸው። ግን ማታ ሁሉም በየክፍሉ ይገባል። ገበታ ላይ አንድ ነገር ሲናገሩ «አዎ እማዬ» ይባላሉ። አንድ ጊዜ ሆን ብለው «ዛሬ ጅብ ቤት ገብቶ ነበር» ቢሉ፣ «አዎ እማዬ፣ ብዪ ብዪ» አሏቸው።

«ጅብ!» አለች ሴትየዋ።

«ጅብ!» አሉ አሮጊቷ፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ የቀርከሃው ንቋቋታ ብቻ ይሰማል።

«የልጄን ስልክ አውቀዋለሁ» አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ። «እንደ አባታችን ሆይ ነው በቃሌ የማውቀው። ትንሽ ይፈልጉኝ ብዬ ነው። ሻዬን ልጨርስና እነግርሻለሁ።»

በዚህ ጊዜ ያለ አንዳች ማቅማማት መነሣት ነበረባት። ስልኩ ያለው ግቢውን አቋርጦ በር ላይ ነው። የሰው ልጆች እናታቸውን አጥተው በጨለማ መንገድ ላይ ሲራወጡ ታያት። ግን ምን አለፋችሁ፣ የተነሣችው ወደ ማንቆርቆሪያው ነው። የአሮጊቷን ኩባያ እንደገና ሞላችው። አሮጊቷ የተሞላውን ኩባያ አዩ፤ እሷን አዩ። ገብቷቸዋል።

ሁለተኛው ኩባያ ሲያልቅ አብረው ወደ ቲኬት ክፍሉ ሄዱ። አሮጊቷ በቃላቸው የነገሯትን ቁጥር ስትደውል፣ ስልኩ አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ነው የተነሣው። የሰውየው ድምፅ ደርቋል። የተራራው መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው፤ ፖሊስ አላሳልፍ ብሎት ከኬላው ጋር ተፋጦ ቆሟል። ወንድሙ በእግሩ ልውጣ ብሎ ይዘውታል። «እናታችሁ ደህና ናቸው፤ እራት በልተዋል» አለችው። አንድ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ ሰማች። ከኋላው የሴት ድምፅ፣ «ምን አለች? ሞታ ነው? ንገረኝ እንጂ!» እያለ ይጮኻል።

«አቅርቢልኝ እስቲ፣ ድምጿን ልስማ» አላት።

አሮጊቷ ከጎኗ ቆመዋል። እጃቸውን አወዛወዙ። «ተኝታለች በይው» አሉ በሹክሹክታ።

«ተኝተዋል» አለች ሴትየዋ። ጉንጯ ሲግል ተሰማት። የዚያን ሰው ለቅሶ ሰምታ፣ ያን ሁለተኛ ኩባያ ሻይ በመቅዳቷ ተጸጸተች። አሮጊቷም ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ቅድሙ አልተጫወቱም። «አለቀሰ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «አዎ» አለቻቸው። «ትልቁ ነው። ድሮም ሆደ ባሻ ነው» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

በአባቷ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። ከአባቷ ወዲህ ሰው አልተኛበትም። እሷም ከግድግዳው ወዲህ ጋደም ብላ፣ በሳንቃው ክፍተት የሚመጣውን ማንኮራፋት እየሰማች፣ ደስታና ጥፋተኝነት ተቀላቅለውባት፣ መቼ እንቅልፍ እንደወሰዳት አላወቀችም።

ሲነጋ ጉሙ የለም፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው። ሽማግሌው ሌሊቱን ትንሽ አመድ አራግፏል። ቅጠሉ ሁሉ ግራጫ ዱቄት ለብሷል። አሮጊቷ ከእሷ ቀድመው ተነሥተው ከደጃፉ ቆመዋል፤ በጣታቸው የአንዱን ሰፊ ቅጠል አመድ እየጠረጉ ነበር።

«ይሄ ነገር አይፈነዳም?»

«ሲያስነጥሰው ነው እማማ። እስኪ ደግሞ ይማርህ ይበሉት።»

«ይማርህ» አሉ አሮጊቷ ቀና ብለው፣ ከልባቸው። ከዚያ ወገባቸውን እያሻሹ፣ «ጨርቅ የለሽም? እንዲህ ሆነውማ አይታዩም» አሏት። ሁለቱ እርጥብ ጨርቅ ይዘው የኦርኪዶቹን ቅጠል አንድ በአንድ ጠረጉ። አሮጊቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው የደረሱበትን ያህል ይጠርጋሉ፤ ሴትየዋ ወንበሩን ወደሚቀጥለው ተክል ትገፋላቸዋለች። ብዙ አላወሩም። በኋላ ስታስበው፣ በሕይወቷ እንደዚያ ማለዳ ያለ አላየችም።

መኪኖቹ ደረሱ። ጠቡ ከሰዎቹ ቀድሞ ነው ከመኪና የወረደው። «እኔ ጋ ናት ብለሃል!» «መቼ? አንቺ ነሽ እንጂ እጅሽን ያወዛወዝሽው!» «እሱ ለደህና ሁኑ ነው!» እየተባባሉ በሩ ላይ ደረሱ። እናታቸውን ሲያዩ ግን ሁሉም ጸጥ አሉ። ሴት ልጃቸው እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ትልቁ ልጅ ቀረብ ብሎ ቆመ፤ መንካት የፈራ ይመስል ነበር። አሮጊቷ ጆሮውን ያዝ አደረጉትና፣ «አትክልት ስጠርግ ነው ያደርኩት። ቁርስ በልታችኋል?» አሉ።

ሴትየዋ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ቆማለች። አመሰገኗት፣ መረቋት፣ አቀፏት። ትልቁ ልጅ፣ «በይ እህት፣ ለዚህች ቀን መታሰቢያ ፎቶ አንሺን» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት። ልማድ ነውና ተቀበለችው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት ስትጀምር፣

«እሷም ትግባ» አሉ አሮጊቷ።

«ማን ያንሳን ታዲያ እማዬ?» አለች ምራታቸው።

«ሹፌሩ ምን ይሠራል? እጁ መሪ ላይ ብቻ ነው የሚያገለግለው?»

ሹፌሩ አነሳ። እሷ ጫፍ ላይ፣ አንድ እጇን አሮጊቷ ትከሻ ላይ አድርጋ ቆመች። ወዴት እንደምታይ፣ አፏን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም፤ ሌላውን ስታሰልፍ የኖረች ሴት ራሷ ስትሰለፍ ጠፋባት። «እንልክልሻለን» አሏት። አሮጊቷ መኪናው መስኮት ላይ ሆነው፣ «ነይና ጠይቂኝ፤ እንግዳ ሆነሽ እንዳትቀሪ» አሏት። መኪኖቹ ሲወርዱ ቆማ አየች። አሮጊቷ ዞረው አዩዋት።

ፎቶው አልመጣም። እሷ ግን የዝናቡ ወራት ገብቶ ጎብኚ ሲሳሳ ፈቃድ ጠየቀች። ኃላፊው፣ «አንቺ ደግሞ የት አለሽ?» አላት፤ ለክፋት አልነበረም። ያለቻትን አንዲት የክት ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ ኦርኪድ በቆርቆሮ ጣሳ ተክላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውቶቡስ ወረደች። ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ፣ ጆሮዋ እየተደፈነ፣ አበባው አንገቱን እየደፋ ሄደ።

ቤቱን በጥያቄ አገኘችው። ምራቲቱ በደስታ ተቀበለቻት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠቻት፤ «የአትክልት ቦታዋ ሴትዮ መጣች!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የዚያን ቀን ፎቶ በክፈፍ ተሰቅሏል። ቤተሰቡ ሁሉ አለበት። ከአሮጊቷ ትከሻ ላይ አንድ እጅ ይታያል፤ የእጁ ባለቤት ከክፈፉ ውጪ ቀርታለች።

«ክፈፉ ጠቦ ነው» አለች ምራቲቱ ዓይኗን ተከትላ፤ ደንገጥ ብላ።

«ምንም አይደል፤ እጄን አውቄዋለሁ» አለቻት።

አሮጊቷ ጓዳ ካለች ክፍል፣ ማራገቢያ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሲያዩዋት ግን ፊታቸው በራ፤ «ሾርባሽ ጨው ነበረው» አሉ በሰላምታ ፈንታ። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ስለ ተራራው፣ ስለ ኦርኪዶቹ ጠየቋት። ከዚያ በሩ ገርበብ ማለቱን አዩና እጇን ጨብጠው፣

«ይዘሽኝ ሂጂ» አሉ።

ምሳ ላይ ድፍረቷን አጠራቅማ ጠየቀች። «ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ቢያርፉ… አልጋ አለ…» ትልቁ ልጅ በደግነት ነው የመለሰላት። ብርዱ ለደረታቸው እንደማይሆን ሐኪም ተናግሯል። «ደግሞ እንደገና ረስተናት መጣን እንዳይባል!» ሲል ገበታው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። አሮጊቷ አልሳቁም። ዳቦአቸውን እየቆረሱ በሳህናቸው ዳር ይደረድሩ ነበር።

በነጋታው ተመለሰች። አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ቀስ እያለ ገባባት። ቤቷን ስትከፍት ከጠረጴዛው ዳር ሁለቱም ወንበሮች እንዳሉ ናቸው። አንዱን ወደ አባቷ ክፍል ልመልሰው አለችና ተወችው።

ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ እሑድ እሑድ ወደ ቲኬት ክፍሉ ይደውላሉ፤ ልትጠይቃቸው የምትመጣው ሴት ልጃቸው ቁጥሩን መትታ ትሰጣቸዋለች። ወሬያቸው ወሬ አይባልም። «ጭሱ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» «በላሽ?» «በላሁ።» አንዳንዴ ዝም ብለው ይተነፋፈሳሉ። ለሴትየዋ ግን ሳምንቱ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ያለፈውን ታስታውሳለች፤ ከኀሙስ ወዲያ የሚመጣውን ትጠብቃለች።

ሁለተኛው ዓመት ላይ የአሮጊቷ ነገር መላላት ጀመረ። መጀመሪያ ተራራውን ረሱት። ከዚያ አንድ እሑድ በማታውቀው ስም ጠሯት። «እኔ ነኝ እማማ፤ የአትክልት ቦታዋ» አለቻቸው። ከወዲያ የመጣው «ታዲያ እሷ የት ሄደች?» የሚል የተጨነቀ ድምፅ ነው። ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ ይቅርታ ጠየቀቻት። ስሙ የታናሽ እህታቸው ነው፤ ልጅ ሆነው ነው የሞተችባቸው፤ አሁን አሁን ቀኑን ሙሉ እሷን ነው የሚፈልጉት። «ቢከብድሽ ማስደወሉን እንተወው» አለቻት።

«አይ፣ አትተዉት» አለች ሴትየዋ ቶሎ ብላ።

ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ሐሰት ነው፤ ደግሞ የሞተ ሰው ስም ነው። እሑድ ስልኩ ጮኸ። ጎብኚው ሄዷል፤ ሰማዩ ከብዷል። ያ ስም ተጠራ።

«አቤት እህቴ» አለች።

ከወዲያ በኩል ትልቅ የእፎይታ ትንፋሽ ተሰማ። «አለሽ? እኔ እኮ ጠፋሽ ብዬ! እማዬ አልመጣችም እስካሁን?»

«መንገድ ላይ ናት። ትመጣለች።»

«ዝናቡ ሊመጣ ነው። ልብሱን ከውጭ አስገቢ፤ ኋላ ትቆጣናለች።»

«አስገብቼዋለሁ እህቴ፤ አታስቢ።»

«ጎበዝ» አሉ አሮጊቷ፤ እየደጋገሙ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አሉ፤ ስልኩ ተዘጋ።

መነጋገሪያውን እንደያዘች ትንሽ ቆየች። ጣሪያው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምሩ ነው የነቃችው። የራሷ ልብስ፣ ጠዋት ያጠበችው፣ አንሶላው ጭምር፣ ከቤቷ ጀርባ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ነው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በእርጥቡ መንገድ ላይ ሮጠች።